ስክሪኑ ያለጊዜው ሲቆለፍ፦ መጀመሪያ ማን እንደቆለፈው እወቁ

ክረምት ላይ ነው። እዚሁ ጎንደር፣ ፒያሳ አካባቢ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት፣ መስኮት ላይ የምትሠራ ባልደረባዬ አጠገብ ተቀምጫለሁ። በቀኝ እጇ የባለጉዳይ ፋይል ታገላብጣለች። ግራ እጇ ማውሱ ላይ ነው። በየጥቂት ሰከንዱ ነካ ታደርገዋለች። ከመስኮቱ ማዶ ጋቢ የደረቡ አባት ቆመው ይጠብቃሉ።

«ምን ሆነሽ ነው?» አልኳት።

«እጄን ካነሳሁ ይቆለፍብኛል። እኔ ፓስወርድ ስጽፍ እኚህ አባባ በእግራቸው ይቆማሉ» አለችኝ።

የአይቲ ድጋፍ ስለምሠራ ይህን ቅሬታ በየሳምንቱ እሰማዋለሁ። አብዛኛው ሰው «ሰዓቱን ጨምርልኝ» ነው የሚለው። ግን የትኛውን ሰዓት? በአንድ የቢሮ ኮምፒውተር ላይ ስክሪን የሚያጠፋ፣ ኮምፒውተሩን የሚያስተኛና የሚቆልፍ ሰዓት ለየብቻ አለ። ሁሉም አብረው ይቆጥራሉ። መጀመሪያ የሞላው ሥራውን ይሠራል። የቆለፈውን ሳያውቁ ሴቲንግ መነካካት ድካም ብቻ ነው።

ከምንም በፊት

የሆነው ነገር መቆለፍ ነው ወይስ ሌላ? ማውሱን ስታንቀሳቅሱ ሥራችሁ እንዳለ ከመጣ፣ የጠፋው ስክሪኑ ብቻ ነው። ፓስወርድ ከጠየቀ ተቆልፏል። ፋኑ ጸጥ ብሎ፣ የፓወር መብራቱ ብልጭ ድርግም እያለ ከሆነ ደግሞ ተኝቷል። ከእንቅልፉ ሲነሳ ፓስወርድ ስለሚጠይቅ ሰዉ «ተቆለፈ» ይለዋል። መፍትሄው ግን ሌላ ቦታ ነው ያለው።

ቀጥሎ ለኩ። ኮምፒውተሩን ሳትነኩ በስልካችሁ ሰዓት ያዙ። ሦስት ጊዜ ድገሙት። ሦስቱም ጊዜ እኩል ከመጣ አንድ ቦታ የተቀመጠ ቁጥር አለ ማለት ነው። አንዴ 2 ደቂቃ፣ አንዴ 12 ደቂቃ ከሆነ መብራትን፣ ብሉቱዝን ወይም ዕቃውን ጠርጥሩ። ይህች ትንሽ ልኬት የግማሽ ቀን ፍለጋ ታስቀራለች።

ሁልጊዜ በእኩል ጊዜ፣ ግን በጣም ቶሎ ይቆለፋል

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ከሰርቨር፣ ማለትም ከመሥሪያ ቤቱ ማዕከላዊ ኮምፒውተር፣ የሚወርድ ፖሊሲ (የሴቲንግ ትእዛዝ) ነው። በዊንዶውስ ላይ ሁለት የታወቁ አሉ። አንደኛው ለኮምፒውተሩ የሚሰጥ ነው፤ ማንም ይግባበት ማን፣ ይህን ያህል ጊዜ ካልተነካ ቆልፍ ይላል። ሁለተኛው ለተጠቃሚው የሚሰጥ የስክሪን ሴቨር ፖሊሲ ነው። ሁለቱ የተለያየ ቁጥር ከያዙ ትንሹ ይቀድማል። አለቃችሁ «15 ደቂቃ ነው» ብለው እናንተ ግን በ5 ደቂቃ የምትቆለፉት ለዚህ ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ስህተት ደጋግሞ ያጋጥማል። የአይቲ ኃላፊው ፖሊሲ በሚያዘጋጅበት ግሩፕ ፖሊሲ ውስጥ ሁለቱም የሚጻፉት በሰከንድ ነው። 15 ደቂቃ የፈለገ ሰው 900 መጻፍ አለበት። በችኮላ 15 ብሎ ካስቀመጠው ኮምፒውተሩ በ15 ሰከንድ ይቆለፋል። የኮምፒውተሩ የራሱ የስክሪን ሴቨር መስኮት ግን በደቂቃ ነው የሚጠይቀው። ኢንቲዩን በሚባለው የማይክሮሶፍት ማስተዳደሪያም የመቆለፊያው ጊዜ በደቂቃ ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው ቁጥር ሲገለበጥ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

ማጣሪያው «ጂፒ ሪዛልት» የምትባለው ትእዛዝ ናት፤ ስትጻፍ ግን ሁለቱ ቃላት ተጣብቀው ነው። የትኛው ፖሊሲ እንደደረሳችሁ ትዘረዝራለች። በተራ ተጠቃሚ ካስኬዳችኋት የተጠቃሚውን ክፍል ብቻ ታሳያለች። የኮምፒውተሩን ክፍል ለማየት የአድሚን (የአስተዳዳሪ) መብት ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ግማሹን አይቶ «ምንም የለም» የሚለው በዚህ የተነሳ ነው።

ቁጥሩ ከተስተካከለ በኋላ ኮምፒውተሩን ሪስታርት አድርጉ። ሻት ዳውን አድርጎ ማብራት አይተካውም፤ ዊንዶውስ ቶሎ ለመነሳት ሲል ሻት ዳውን ሲደረግ ሁሉንም ነገር ጨርሶ አይዘጋም።

መብራት ሲወላወል ይቆለፋል

የባልደረባዬ ችግር ይህ ነበር። ሰዓት ስንይዝ አንዴም እኩል አልመጣም። ከዚያ ጠረጴዛው ሥር «ቲት፣ ቲት» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዩፒኤሱ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ በባትሪ የሚያቆየው ሣጥን። ውጭ እየዘነበ ነው፣ መብራቱም ከፍ ዝቅ ይላል። ዩፒኤሱ በጮኸ ቁጥር እጇን አንስታ ብትጠብቅ 3 ደቂቃ ሲሞላ ኮምፒውተሩ ይተኛል። ዝም ካለ ደህና ይቆያል።

ጎንበስ ብዬ ሳይ ከዩፒኤሱ ወደ ኮምፒውተሩ የገባ የዩኤስቢ ገመድ አለ። በዚህ ገመድ ሲገናኙ ዊንዶውስ ዩፒኤሱን እንደ ላፕቶፕ ባትሪ ነው የሚያየው። መብራት ሲቋረጥ ወይም ቮልቴጁ ሲወርድ «ባትሪ ላይ ነኝ» ይልና የባትሪውን ሰዓት ይይዛል። በእሷ ኮምፒውተር ላይ ለባትሪ የተቀመጠው የመተኛ ጊዜ 3 ደቂቃ ነበር። ዴስክቶፕ ስለሆነ ማንም ያንን ቁጥር ለማየት አላሰበም።

ገመዱን መንቀል ቀላል ነበር። እኔ ግን አልነቀልኩትም፣ እናንተም አትንቀሉት። የዩፒኤሱ ባትሪ ሊያልቅ ሲል ኮምፒውተሩ ፋይሉን ሳያበላሽ ራሱን እንዲዘጋ የሚነግረው እሱ ነው። ክረምት ላይ ለሚሠራ ቢሮ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የሚስተካከለው በፓወር ሴቲንግ ውስጥ ያለው የባትሪ መተኛ ጊዜ ነው። ሴቲንጉ በማዕከል የተያዘ ከሆነ ኃላፊው ከዚያው ይቀይረዋል። ላፕቶፕ ላይም ነገሩ ያው ነው፤ የቻርጀሩ ሶኬት ላላ ብሎ ከሆነ ሳታውቁት ባትሪ ላይ ትሠራላችሁ።

ከዚሁ ዘመድ የሆነ አንድ ሌላ አለ። ኮምፒውተሩ ማንም ሳይነካው ራሱ ከእንቅልፉ ተነስቶ በ2 ደቂቃ ተመልሶ የሚተኛ ከሆነ፣ ሰው ሳይኖር ሲነቃ ብቻ የሚሠራ የተደበቀ ሰዓት አለ። ማንም ካልቀየረው 2 ደቂቃ ላይ ነው ያለው።

ቀየርኩት፣ ተመልሶ መጣ

የሚተዳደር ኮምፒውተር ነውና ይመለሳል። ዶሜይን ላይ ያለ፣ ማለትም በመሥሪያ ቤቱ ሰርቨር ሥር የሚተዳደር ኮምፒውተር በየ90 ደቂቃው፣ እስከ 30 ደቂቃ እየጨመረ፣ ፖሊሲውን ከሰርቨር ያድሳል። ሴቲንጉ ግራጫ ሆኖ አልነካ ካለም ምክንያቱ ያው ነው። ደጋግሞ መታገል ዋጋ የለውም። ኃላፊውን ጠይቁ።

ጭራሽ አይቆለፍም

ይህኛው ቅሬታ አይቀርብበትም። እኔን ግን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ምሳ ወጥታችሁ የሰው መታወቂያ፣ የሰው ደመወዝ፣ የሰው ሕመም ስክሪን ላይ ተገልጦ ይውላል።

መጀመሪያ የተከፈተ ቪዲዮ ወይም ያልተዘጋ የስብሰባ ፕሮግራም ፈልጉ። እነዚህ ስክሪኑ እንዳይጠፋ ዊንዶውስን ይጠይቃሉ። አድሚኑ በፓወር ሲኤፍጂ ትእዛዝ የትኛው ፕሮግራም እንደያዘው በስሙ ያየዋል። ቀጥሎ ማውሱን እዩ። መስታወት ጠረጴዛ ላይ ያለ ማውስ ጠቋሚው ራሱ ሲንቀጠቀጥ ኮምፒውተሩ ሰው ያለ ይመስለዋል። ከሥሩ ወረቀት አንጥፉ፣ በቃ።

ከዚህ ሁሉ ውጭ ከሆነ ፖሊሲው አልደረሰም። ኮምፒውተሩ ሰርቨሩ ላይ ከተሳሳተ ምድብ ገብቶ ይሆናል። ሰዓቱም ተዛንፎ ሊሆን ይችላል። የዶሜይን መግቢያ ማንም ካልቀየረው የሚታገሰው የሰዓት ልዩነት 5 ደቂቃ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ሰርቨሩ ኮምፒውተሩን አይቀበለውም፣ ፖሊሲውም አይደርስም። ጥር ላይ ከከተራ እስከ ቃና ዘገሊላ ቢሮ ተዘግቶ፣ ማከፋፈያው ከግድግዳ ተነቅሎ ሲሰነብት፣ የእናት ቦርዱ ክብ ባትሪ ያለቀበት ኮምፒውተር ቀኑን ረስቶ ይነሳል። አንዳንዱ ሰው ደግሞ የጠዋቱን 9 ሰዓት በእኛ አቆጣጠር 3 ሰዓት ብሎ ያስተካክለዋል። ሐሳቡ ቅን ነው። ኮምፒውተሩን ግን 6 ሰዓት ወደኋላ ይወስደዋል። ሰዓቱን በአዲስ አበባ የሰዓት ክልል መልሱ፣ ሲአር 2032 የተባለችውን ባትሪ ቀይሩ፣ ከዚያ ፖሊሲው እንዲታደስ አድርጉ።

ማውሱን ራሱ የሚያንቀሳቅስ ዕቃ ወይም ፕሮግራም የምትጠቀሙ ካላችሁ እባካችሁ ተዉት። ችግሩን ለኃላፊው ተናገሩ እንጂ በሩን ከፍታችሁ አትሂዱ። ብዙ ጊዜ ሰው የሚማረርበት መቆለፉ ሳይሆን ረጅሙ ፓስወርድ ነው። መሥሪያ ቤቱ ከፈቀደ በፒን መግባት ያንን ያቀልላል። ሕዝብ ፊት ላለ መስኮት ሰዓቱን ከማስረዘም ፒኑን እመርጣለሁ።

ስልክ ይዤ ስንቀሳቀስ ይቆለፋል

ዳይናሚክ ሎክ በርቷል። ኮምፒውተሩ በብሉቱዝ የተያያዘውን ስልክ ሲያጣው ይቆልፋል። የስልኩ ባትሪ ቢያልቅም ራቀ ብሎ ነው የሚያስበው። ካልፈለጋችሁት ከመግቢያ አማራጮች ውስጥ አጥፉት።

ተቆልፎ ፓስወርዱን እንቢ አለ

ካፕስ ሎክን እዩ። በቀኝ ታች ጥግ ያለው የቋንቋ ምልክት ፓስወርዱን ያወጣችሁበት መሆኑን አረጋግጡ። የዓይን ምልክቷን ተጭናችሁ የጻፋችሁትን አንብቡ። በጭፍን አትደጋግሙ፤ በብዙ ቢሮ ከጥቂት ሙከራ በኋላ አካውንቱ ራሱ ይዘጋል።

ለአይቲ ስትደውሉ «ኮምፒውተሬ አስቸገረኝ» ብቻ አትበሉ። እንዲህ በሉ፦ «ሦስቴ ለካሁ፣ ሦስቱንም በ5 ደቂቃ ተቆለፈ፣ ቻርጀሩ ተሰክቷል፣ አልተኛም፣ ከሰኞ ጀምሮ ነው።» ይህን የሰማ ባለሙያ ከወንበሩ ሳይነሳ የት እንደሚፈልግ ያውቃል። መቆለፍና መከፈት እንዲመዘገብ ተደርጎ ከሆነም 4800 እና 4801 የሚሉትን መዝገቦች ከፍቶ ሰዓቱን ከነገራችሁት ጋር ያመሳክራል።