ለስፌት ቤት ኮታ ከማውጣት በፊት፦ የሥራ ጊዜ እንዴት ይለካል?

«በቀን ይህን ያህል ፍሬ» የሚባለው ኮታ ከየት እንደመጣ ለሠራተኛው የሚነግረው የለም። አሜሪካዊው ፍሬድሪክ ቴይለር እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጀመሪያ በአንድ ብረት ፋብሪካ ውስጥ ሰዓት ይዞ ሥራን እየከፋፈለ መለካት ጀመረ፤ ዛሬ ባሕር ዳር ላይ በአሥር መኪና የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፋ ቤትም ኮታ ሲያወጣ የሚከተለው የእሱን መንገድ ነው። መለካቱ ክፋት የለውም። ተደብቆና በጥድፊያ ሲለካ ግን የሰው ጉልበት ይበላል። እዚህ የሸሚዝ ደረት ኪስ መስፋትን ምሳሌ አድርገን እንሂድ።

ሰዓቱን ከማንሳትዎ በፊት አሠራሩን ያስተካክሉ። የሥራ እንቅስቃሴን ያጠናው አሜሪካዊ ፍራንክ ጊልብሬዝ የጡብ ግንባታን ከ18 እንቅስቃሴ ወደ 5 ያወረደው ግንበኛውን በማስሮጥ አልነበረም፤ አንዱ ዘዴው ጡቡን ሳያጎነብስ በሚደርስበት ከፍታ ላይ ማስቀመጥ ነው። ስፌት ላይም እንዲሁ ነው፦ የተቆረጡት ኪሶች በግራ፣ መቀሱ በገመድ ታስሮ በቀኝ፣ ቦቢኖቹ አስቀድመው ተጠንጥነው ይቀመጡ። የተዝረከረከ ጠረጴዛ ላይ ከለኩ የለኩት መዝረክረኩን ነው።

ቀጥሎ ለሠራተኞቹ በግልጽ ይንገሩ። ምን እንደሚለካ፣ ለምን እንደሚለካ፣ ውጤቱን ማየት እንደሚችሉ ይወቁ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1911 በአሜሪካ ዋተርታውን የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ሠራተኞች ሥራ ያቆሙት አንድ ባልደረባቸው በሰዓት አልለካም ብሎ በመባረሩ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1915 የአሜሪካ ምክር ቤት በጦር ሠራዊቱ ፋብሪካዎች ስቶፕዎች (ሰከንድ የሚቆጥር መለኪያ ሰዓት) መጠቀምን ከለከለ።

ሥራውን በሦስት ይክፈሉት፦ አንሥቶ ማስተካከል፣ መስፋት፣ ክር ቆርጦ ማስቀመጥ። መነሻና መድረሻው የሚታይ ይሁን፤ እጅ ጨርቁን ሲነካ ይጀምራል፣ ያለቀው ሸሚዝ ከእጅ ሲለቀቅ ያበቃል። ሥራውን ከለመዱ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ቢያንስ 20 ዙር ይውሰዱ (አንድ ዙር አንድ ኪስ ነው)፤ ሌላው በፍጥነት የማይደርስበትን አንድ ጎበዝ ብቻ አይምረጡ። ግማሹን ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ ግማሹን ከቀኑ 9 ሰዓት ይለኩ። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ሙቀት ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ሰው ከሰዓት በኋላ የጠዋቱ ሰው አይደለም፤ ሁዳዴም ብዙ ጊዜ እዚሁ ወራት ላይ ይወድቃል። በጠዋት ብቻ የተለካ ኮታ ከሰዓት በኋላ ያለውን ሰው ባለዕዳ ያደርገዋል።

ክር ሲበጠስ ወይም መርፌ ሲሰበር ያንን ዙር አይጣሉት፤ ለብቻው መዝግበው ስንት ጊዜ እንደሚያጋጥም አይተው ለየፍሬው ያካፍሉት። የሥራው አካል ነው።

አሁን ስሌቱ። የአንድ ኪስ አማካይ ጊዜ 60 ሰከንድ ወጣ እንበል። የተለካችው ሠራተኛ ቀኑን ሙሉ ሊቀጥል ከሚችል ፍጥነት በ10 በመቶ ፈጥና ከሆነ በ1.10 ያባዙ፤ 66 ሰከንድ። ልኬት አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ነው፣ ምክንያቱም ሰዓት የማይነግረው ግምት ነው። ሁለት ሰዎች ሳይነጋገሩ ይገምቱ፤ ግምታቸው ከ10 የመቶኛ ነጥብ በላይ ከተለያየ እንደገና ይለኩ። ከዚያ እረፍት ይጨምሩ፦ ለግል ጉዳይ 5 በመቶ፣ ለመሠረታዊ ድካም 4 በመቶ የተለመደ መነሻ ነው፤ ለሙቀት፣ ለጩኸትና አንድ ነገር ደጋግሞ ለመሥራት ተጨምሮበት 15 በመቶ ቢደርስ አይበዛም። 66 በ1.15 ሲባዛ 76 ሰከንድ ገደማ ይሆናል። በ8 ሰዓት፣ ማለትም በ28,800 ሰከንድ፣ 379 ኪስ ገደማ ይወጣል። አማካዩን ብቻ ይዞ ያካፈለ ሰው ግን 480 ይጽፋል። በየቀኑ 101 ኪስ ልዩነት! ይህ ከሠራተኛዋ ወገብና ዓይን የሚወጣ ነው።

መብራት የጠፋበትን፣ ከቆራጩ ጨርቅ የተጠበቀበትንና መኪና የተበላሸበትን ደቂቃ በተለየ ወረቀት ይያዙ፤ ከኮታው ይቀነሳል እንጂ በሠራተኛው ላይ አይቆጠርም።

ክፍያው በፍሬ ከሆነ አንድ ነገር አጥብቀው ይያዙ፦ ሠራተኛዋ ፈጥና ብዙ ስላገኘች የአንዱን ፍሬ ዋጋ አይቁረጡ። ቴይለር ራሱ፣ ሠራተኛ ሆን ብሎ ሥራ የሚያዘገየው ሲፈጥን ዋጋ እንደሚቆረጥበት ስላየ ነው ብሎ ጽፏል። አንዴ የተቆረጠበት ቤት ከዚያ በኋላ እውነተኛ ፍጥነት አይታይበትም፤ ቀጣዩ ልኬትም ሐሰት ይሆናል። እንደገና የሚለካው መኪናው፣ ጨርቁ ወይም አሠራሩ ሲቀየር ብቻ ነው። የስሌቱን ወረቀት ከነቀኑ፣ ከነእረፍቱ መቶኛ፣ ሁሉም በሚያነብበት ግድግዳ ላይ ይለጥፉት።