በጾም በአውሮፕላን ስሄድ የምግቡን ጣጣ እንዴት እንደፈታሁት

ለንግድ ቻይና፣ ጓንግዡ የምትመላለሱ ጿሚዎች ይሄ ይጠቅማችኋል። ትኬት ስቆርጥ ሁሌ ቬጀቴሪያን ብዬ አዛለሁ፣ ትሪው ሲከፈት ግን ፓስታው ላይ ቺዝ፣ ከዳቦው ጎን ቅቤ፣ ጠዋት ደግሞ ኦምሌት። ቼክ ኢን ላይ መጠየቅ አልሰራም፣ ሆስተሷን መለመንም እንደዛው፣ ምግቡ ተቆጥሮ ነዋ የሚጫነው። ኤቪኤምኤል የሚባለውን የህንድ ቬጀቴሪያንም ሞከርኩ፣ ቅመሙ ደስ ይላል ግን እርጎና ፓኒር (የህንድ አይብ) አለው።

የሰራው ቪጂኤምኤል የሚለው የምግብ ማዘዣ ኮድ ነው። እሱ ቪጋን ነው፣ ስጋም ወተትም እንቁላልም የለውም፣ ቪኤልኤምኤል ግን ወተትና እንቁላል ስላለው እንዳትቀላቅሉት። ብዙ አየር መንገዶች ከበረራው ቢያንስ 24 ሰዓት በፊት ይፈልጉታል፣ ትራንዚት ካላችሁ ደግሞ በሁለቱም በረራ ላይ መግባቱን የአየር መንገዱ አፕ ላይ እዩ፣ በረራ ከተቀየረ ኮዱ ሊጠፋ ስለሚችል እንደገና ቼክ አድርጉ።

ከደረሳችሁ በኋላ የቡድሂስት ቤተ መቅደስ አካባቢ ያሉትን የአትክልት ምግብ ቤቶች ፈልጉ። በወጋቸው ስጋ ይቅርና ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት እንኳን አይገባም፣ በዝንጅብል የተጠበሰው ቶፉ (ከአኩሪ አተር የሚሰራ) እና እንጉዳይ ትኩስ ሩዝ ላይ ሲደረግ በጣም ይጣፍጣል፣ ብቻ እንቁላልና ወተት እንደሌለው በትርጉም አፕ ጠይቁ።