አሮጌ የእጅ ትራክተር ወደ ኤሌክትሪክ ሲቀየር፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ሞተሩ ያረጀ ባለ ሁለት ጎማ ትራክተር ካምቢዮው ደህና ከሆነ ወደ ኤሌክትሪክ መቀየሩ ያዋጣል። ተቀይሮ እምቢ ሲል ግን ጥፋቱ ቶሎ ባትሪው ላይ ይጣላል፤ ብዙውን ጊዜ ጣጣው ያለው የገመድ ማያያዣውና ፑሊው (ቺንጋው የሚዞርበት መዘውር) ላይ ነው። ስለዚህ አዲስ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ቴስተር (የቮልት መለኪያ) አንሱ።

ከዚህ በታች ያለው 7 የፈረስ ጉልበት የነበረውን ቤንዚን ሞተር በ48 ቮልት፣ 4 ኪሎዋት ብራሽ አልባ ሞተር ለተካ ሰው ነው። 4 ኪሎዋት አያንስም። ቤንዚን ሞተር በየ300 ሜትር ከፍታ 3 ከመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል፤ ከ2,100 ሜትር በላይ ባለችው ጎንደር 7ቱ ወደ 5.6 ይወርዳል፣ ይህም 4.2 ኪሎዋት ገደማ ነው።

እያረሳችሁ ከምትለኩት በቀር ሙከራ ሁሉ ማሽኑ በእንጨት ተደግፎ፣ ጎማውና ማረሻ ጥርሱ ከመሬት ተነስቶ ይሁን። ቀለበትና ሰዓት አውልቁ።

ባዶውን ይዞራል፣ አፈር ሲነካ ይሞታል

በጣም የተለመደው ይህ ነው። አንድ ሰው እያረሰ ሌላው ሁለት ቦታ ይለካ፦ ባትሪው ላይና መቆጣጠሪያው (ከባትሪው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ኃይል የሚመጥነው ሳጥን) መግቢያ ላይ።

ባትሪው ላይ 51 ቮልት፣ መቆጣጠሪያው ላይ 48 ከሆነ ባትሪው ንጹህ ነው፤ 3 ቮልቱን መንገድ ላይ የበላው አለ። ሞተሩ በሙሉ ጉልበት 100 አምፔር ገደማ ስለሚስብ ይህ ወደ 300 ዋት ሙቀት ይሆናል። እያንዳንዱን ማያያዣ ለብቻው ለኩ፤ በጭነት ጊዜ ከ0.1 ቮልት በላይ የሚያሳየው ጥፋተኛው ነው። በፒንሳ የተጨመቀ የገመድ ጫፍ እዚህ ይወድቃል፤ በመጭመቂያ መሣሪያ ይጨመቅ፣ ዝገቱ በብርጭቆ ወረቀት ይጠረግ፣ ዳዶው ይጥበቅ። ገመዱም 25 ካሬ ሚሊሜትር መዳብ ይሁን።

ሁለቱም ቦታ እኩል ከወረደ ባትሪው ደክሟል ወይም አይመጥንም። 100 አምፔር ሰዓት የሆኑ አራት የመኪና ዓይነት ባትሪዎች በወረቀት ላይ 4.8 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛሉ፤ ሳይጎዱ የምታወጡት ግን ግማሹን ያህል ነው፣ በከባድ ጭነትም ከዚያ ያንሳል። 16 ሴል ያለው የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ በተመሳሳይ አቅም 80 ከመቶውን ይሰጣል፣ ክብደቱም ከግማሽ በታች ነው። ሊቲየሙ ድንገት ድርግም የሚል ከሆነ ሴሎቹን አንድ በአንድ ለኩ። አንዱ 2.5 ቮልት ደርሶ ሌሎቹ 3.2 ከሆኑ ጠባቂው ሰርኪት ያጠፋው በዚያ በአንዱ ምክንያት ነው።

ቮልቱ ደህና ሆኖ ሞተሩ እየዞረ ጥርሱ ከቆመ ቺንጋው እየተንሸራተተ ነው። የድሮው ሞተር በደቂቃ 3,600 ዙር፣ ፑሊው 75 ሚሊሜትር ከነበረ፣ 3,000 ለሚዞር ሞተር 90 ሚሊሜትር ፑሊ ያስፈልጋል። ሞተራችሁ 4,500 ከሆነ ስሌቱ 60 ይሰጣል፤ ይህን ግን አታድርጉ። ትንሽ ፑሊ ላይ ቺንጋ አይይዝም፣ ቶሎም ይሰነጠቃል። 75ቱን ትታችሁ በካምቢዮው በኩል ያለውን ፑሊ አንድ ሩብ አሳድጉት፤ 200 ከነበረ 250 አድርጎ ቶርኖ ቤት ይሠራዋል።

ይንቀጠቀጣል፣ ያጉረመርማል፣ አይዞርም

ወደ ሞተሩ የሚገቡት ሦስቱ ወፍራም የኃይል ገመዶችና ሦስቱ ቀጭን የሴንሰር ገመዶች (የሞተሩን አቋም ለመቆጣጠሪያው የሚነግሩት) ቅደም ተከተላቸው አልገጠመም። የቀለም መመሳሰልን አትመኑ፤ ሁለት ፋብሪካ አንድ ዓይነት ቀለም አይከተልም። ሴንሰሮቹን ሳትነኩ ወፍራሞቹን በስድስቱም አገጣጠም ሞክሩ፤ በየመሃሉ ባትሪውን ንቀሉ። በዞረላችሁ በመጀመሪያው ላይ አትቁሙ፤ እየጮኸ የሚዞር የተሳሳተ አገጣጠም አለ፣ ሞተሩንም ያቃጥላል። ትክክለኛው ለስላሳ ነው፣ ባዶውን ሲዞርም ጥቂት አምፔር ብቻ ይስባል።

አቅጣጫውንም እዩ። ጥርሱ በተቃራኒ ከዞረ ማሽኑ ወደ አራሹ እግር ይመጣል። የድሮውን ሞተር ከማውረዳችሁ በፊት የሚዞርበትን አቅጣጫ በጠመኔ ምልክት አድርጉ።

ሳይነካ በሙሉ ፍጥነት ይነሳል

የፍጥነት መስጫው ጥቁር ገመድ ተበጥሷል። ይህን የኔጋቲቭ ገመዱን ያጣ የመስጫው ሴንሰር ምልክቱ ወደ 5 ቮልት ይወጣል፣ መቆጣጠሪያውም ሙሉ ፍጥነት የተጠየቀ ይመስለዋል። ገመዱን መቀየር ብቻ አይበቃም፤ እጅ ሲለቅ ዋናውን ኃይል የሚቆርጥ ማብሪያ እጀታው ላይ ግጠሙ። ያለዚህ ማሽኑን ለማንም አትስጡ።

ባትሪው ሲገጠም ይተኮሳል

መቆጣጠሪያው ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች በአንድ ጊዜ ሲሞሉ ነው። መጀመሪያ በ220 ኦም፣ 10 ዋት ሬዚስተር በኩል አገናኙ፣ 5 ሰከንድ ቆዩ፣ ከዚያ ዋናውን ማብሪያ አብሩ። ፊውዙ 150 አምፔር ሆኖ ለባትሪ የተሠራ ይሁን፣ ከፖዘቲቩ አጠገብም ይቀመጥ። የቤት ቆጣሪ ማብሪያ የዚህን ዓይነት ኃይል ብልጭታ ማጥፋት አይችልም።

ሞተሩ ይግላል

ፋብሪካው የለጠፈው አቅም አብዛኛውን ጊዜ እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ነው፤ ጎንደርን በመሰለ ከፍታ አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ማቀዝቀዣው ይደክማል። ጠብታ ውሃ ጣሉበት፤ ጎንደር ላይ ውሃ 93 ዲግሪ ገደማ ይፈላልና ከተንጨረጨረ አልፏል፣ አቁሙ። በሙቀት የደከመ ማግኔት ሲቀዘቅዝም አይመለስም። የደምቢያ ዋልካ እርጥብ ሲሆን ጥርሱ ላይ ይጠቀለላል፣ ሲደርቅ ድንጋይ ነው። ጠፈፍ እስኪል ጠብቁ፣ በአንድ ጊዜም በጥልቀት አትግቡ፤ ሁለት ጊዜ በስሱ ማለፍ ይሻላል።

ዝናብ ከመታው በኋላ ይቆራረጣል

የሴንሰሩ ሶኬት ውሃ ገብቶበታል። አድርቁት፣ ግሪስ ቀቡት፣ አፉን ወደ ታች አድርጋችሁ እሰሩት። ጭቃውን በጨርቅና በብሩሽ እንጂ በግፊት ውሃ አትጠቡ። ካምቢዮው ዘይት የሚያንጠባጥብ ከሆነም ፓራኦሊዮውን (ዘይት እንዳይወጣ የሚይዘውን የጎማ ቀለበት) አሁኑኑ ቀይሩት፤ ዘይቱ ቺንጋው ላይ ሲደርስ እንደገና መንሸራተት ይጀምራል።