1,111,111ን ለመፈተን፦ ችግርና መፍትሄ

ደብረ ማርቆስ፣ ቡሬም ሆነ ፍኖተ ሰላም ለብሔራዊ ፈተና የሚዘጋጁ ተማሪዎች በዚህ ቁጥር ላይ ሲሠሩ የሚያጋጥማቸው ችግር ተመሳሳይ ነው።

ችግር፦ «የአሃዞቹ ድምር 7 ስለሆነ ለ7 ይካፈላል።»

ምክንያት፦ አሃዝ ደምሮ መፈተን ለ3 እና ለ9 የሚሠራው 10፣ 100፣ 1,000 ሁሉ ለ9 ሲካፈሉ 1 ስለሚተርፍ ነው። 10 ለ7 ሲካፈል ግን 3 ይተርፋል።

መፍትሄ፦ አካፍሎ ማየት። 7 × 158,730 = 1,111,110፤ 1 ይቀራል።

ችግር፦ ለ3፣ ለ7፣ ለ11ና ለ13 አልካፈል ሲል «ከ1ና ከራሱ በቀር አካፋይ የለውም፤ ብቸኛ ቁጥር ነው» ብሎ መደምደም።

እኔን ከሁሉም የሚቆጨኝ ይህ ነው፤ የቁጥሩ ውበት ያለው ከዚህ በኋላ ነውና። የዋሸራ የቅኔ ተማሪ ቤቱ ሳይመታ «ቅኔ ሞላልኝ» አይልም፤ ፈታሽም ወሰኑ ላይ ሳይደርስ ማቆም የለበትም።

ምክንያት፦ 1,054 በራሱ ሲባዛ 1,110,916፣ 1,055 ደግሞ 1,113,025 ይሆናል። ቁጥሩ የሁለት አካፋዮች ብዜት ከሆነ ትንሹ ከ1,054 አይበልጥም፤ ስለዚህ ብቸኛ ቁጥሮችን እስከ 1,054 መሞከር ያስፈልጋል።

መፍትሄ፦ ሁሉንም መሞከር አድካሚ ነው፤ አቋራጭ አለ። ቁጥሩን በ9 አባዙት፤ 9,999,999 ይሆናል። ይህም 10 ሰባት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ 1 ሲቀነስለት የሚገኘው ነው። ስለዚህ የቁጥራችን ብቸኛ አካፋይ ሁሉ የ10ን ሰባተኛ ርቢ ሲያካፍል 1 ይተርፋል። ፈረንሳዊው ፒየር ደ ፌርማ በ1640 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የገለጸው ሕግ (10 ከአካፋዩ በ1 ያነሰ ጊዜ በራሱ ተባዝቶ ለአካፋዩ ሲካፈል 1 ይተርፋል) ሲጨመርበት፣ ከአካፋዩ ላይ 1 ሲቀነስ ቀሪው የ7 ብዜት መሆን አለበት። ከዚህ ሕግ የሚያመልጠው 3 ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ የአሃዞቹ ድምር አስቀርቶታል። አካፋዩ ጎዶሎ ስለሆነ ቀሪው የ14 ብዜትም ይሆናል። እንግዲህ መሞከር ያለባቸው 29፣ 43፣ 71፣ 113፣ 127፣ 197፣ 211፣ 239 እያሉ የሚቀጥሉት ብቻ ናቸው። ስምንተኛው ያዘ፦

239 × 4,649 = 1,111,111

በተራ ሙከራ ቢሆን 239 የሚደረስበት በሃምሳ ሁለተኛው ብቸኛ ቁጥር ላይ ነበር።

ችግር፦ 4,649ንስ እንደገና ከ2 ጀምሮ መፈተን ያስፈልጋል?

መፍትሄ፦ አያስፈልግም። የ4,649 አካፋይ የ1,111,111ም አካፋይ ነው። 69 በራሱ ሲባዛ ከ4,649 ስለሚበልጥ ወሰኑ 68 ነው፤ እስከ 68 ድረስ ከላይ ያለውን ሕግ የሚያሟሉት 29 እና 43 ብቻ ሲሆኑ ሁለቱም አስቀድመው ወድቀዋል። ስለዚህ 4,649 ብቸኛ ቁጥር ነው።

ችግር፦ ቁጥሩ በራሱ ሲባዛ 1,234,567,654,000 ተብሎ ይጻፋል።

ምክንያት፦ ካልኩሌተሩ አሥር አሃዝ ብቻ አሳይቶ የቀረውን አጠጋግቶታል።

መፍትሄ፦ ባለ ካሬ ደብተር ላይ ሰባት ረድፍ 1,111,111 ጻፉ፤ እያንዳንዱን ረድፍ ከበላዩ ካለው አንድ ቤት ወደ ግራ ግፉት። ዓምዶቹ ከቀኝ 1፣ 2፣ 3 እያሉ እስከ 7 ወጥተው ይመለሳሉ፤ ምንም ተሸካሚ የለም። ውጤቱ 1,234,567,654,321 ነው። ይህ መልክ እስከ ዘጠኝ 1 ድረስ ይዘልቃል። አሥር 1 ሲሆን መካከለኛው ዓምድ 10 ስለሚደርስ 1 ወደ ግራ ይሸከማል፤ ውጤቱም 1,234,567,900,987,654,321 ይሆናል።