ዲጂታል ተረት ለምታዘጋጁ ዕጩ መምህራን፦ ድምፁን አስቀድሙ

ለልጆች ቋንቋ ማስተማሪያ ዲጂታል ተረት፣ ማለትም በተቀረጸ ድምፅና በሥዕል የሚቀርብ አጭር ታሪክ፣ ስትሠሩ ከሥዕል አትጀምሩ። መጀመሪያ ታሪኩን ጮክ ብላችሁ እያነበባችሁ በስልካችሁ ቅረጹት፤ ሥዕሎቹን ከዚያ በኋላ በድምፁ ልክ ደርድሯቸው። ሥዕል ከቀደመ ትረካው ሥዕሉን ለመድረስ ይጣደፋል፤ አዲስ ቃል የሚለምድ የልጅ ጆሮ ደግሞ ጥድፊያ አይችልም። ርዝመቱ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ይበቃል።

አጥብቄ የምለምናችሁ አንድ ተመላላሽ፣ ማለትም እየተደጋገመ የሚመጣ፣ ዓረፍተ ነገር እንድታስገቡ ነው። «ድመቷ የት አለች? አልጋው ሥር የለችም።» ጥያቄውን እየደገማችሁ፣ ቀጥሎ «ከበሩ ኋላ የለችም»፣ ከዚያ «ሣጥኑ ውስጥ የለችም»። የሚለወጠው ቦታው ብቻ ስለሆነ ልጁ የዓረፍተ ነገሩን አሠራር ማንም ሳያስረዳው ይይዘዋል። ከጥያቄው በኋላ 3 ሰከንድ ያህል ዝም በሉ። ያ ዝምታ የልጁ ተራ ነው፤ እባካችሁ በሙዚቃ አትሙሉት!

የምትቀርጹት ባዶ ክፍል ውስጥ ከሆነ ድምፁ ያስተጋባል፤ መጋረጃና ልብስ ያለበት ክፍል ይሻላል።

ሥራውን ጨረስን ከማለታችሁ በፊት ሥዕሉን ሸፍናችሁ ድምፁን ብቻ ለአንድ ልጅ አሰሙት። በሦስተኛው ጥያቄ ላይ ልጁ ከተራኪው ቀድሞ ካልመለሰ፣ ተመላላሹን ዓረፍተ ነገር አሳጥሩና እንደገና ቅረጹ።