ስለ 12ኛ ክፍል ፈተና ስንከራከር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

የ12ኛ ክፍል ውጤት በተነገረ ማግስት አገሩ ሁሉ የትምህርት ባለሙያ ይሆናል። አንዱ መምህሩን ይወቅሳል፣ ሌላው ተማሪውን በስልክ ሱስ ይከሳል፣ ሦስተኛው ደግሞ ፈተናው ራሱ ይቅር ይላል። መከራከሩ አይከፋም። የሚያናድደው ሁሉም አንዱን መቶኛ አንሥቶ ልቡ የፈለገውን ማናገሩ ነው። ከሁሉ በላይ የሚደጋገሙት ስህተቶች እነሆ።

«ድሮ ስንቱ ያልፍ ነበር!» ማለት

በጥር 2015 ዓ.ም. የትምህርት ሚኒስትሩ ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ ከ2014 ዓ.ም. 896,520 ተፈታኞች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ መሆናቸውን ሲናገሩ አገር ደነገጠ። 3.3 በመቶ ነው። ወዲያውኑ የተሰማው ንጽጽር ግን የማይነጻጸሩ ነገሮችን ያጋጨ ነበር። ከዚያ በፊት ተማሪው የሚፈተነው በአካባቢው ትምህርት ቤት ነበር፤ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥቡም የሚቆረጠው በየዓመቱ ዩኒቨርሲቲዎቹ ሊቀበሉ የሚችሉት ቁጥር ታይቶ ነው። «አለፈ» ሲባል ቦታ ተገኘለት ማለት እንጂ ይህን ያህል ያውቃል ማለት አልነበረም። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ፈተናው ወጥቶ በማኅበራዊ ሚዲያ በመሰራጨቱ ተሰርዞ እንደገና መሰጠቱን የማያስታውስ የለም።

በ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ላይ ሁለት ነገሮች በአንድ ጊዜ ተቀየሩ። ተፈታኙ ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ተወስዶ ተፈተነ፣ የማለፊያው መስመርም 50 በመቶ ላይ ተሰመረ። ስለዚህ «ዕውቀት በአንድ ዓመት ተንኮታኮተ» የሚለውም፣ «የቀድሞዎቹ ሁሉ ኮርጀው ነው ያለፉት» የሚለውም ከቁጥሩ ውስጥ የሌለ ነገር ነው የሚያነበው። 50 በመቶ ያላመጡ ብዙ ተማሪዎች ሪሚዲያል በተባለው የማካካሻ ትምህርት ፕሮግራም ዩኒቨርሲቲ መግባታቸውም በዚህ ጩኸት መሐል ይረሳል።

50 በመቶን «የትምህርቱን ግማሽ ያውቃል» ብሎ መተርጎም

ይህኛው ስህተት ስውር ስለሆነ ጊዜ ሰጥተን እንየው። ፈተናው የምርጫ ፈተና ነው፤ በወረቀት ሲሰጥ ተማሪው ከአራት ፊደሎች አንዱን በእርሳስ ያጠቁራል። 60 ጥያቄ ያለው የሒሳብ ፈተና እናስብ። አንዲት ተማሪ 20ውን በትክክል ሠራች እንበል። የቀሩትን 40 ምንም አላወቀቻቸውም፤ ግን ባዶ አትተዋቸውም፤ ማንም አይተውም። በግምት ታጠቁራለች። ከአራት አንዱ ስለሚመታ በአማካይ 10 ታገኛለች። 20 ሲደመር 10፣ 30። ግማሽ አመጣች፤ የምታውቀው ግን ሲሶውን ነው።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። ግምት ዕድል ነው፤ 40ውን በግምት የሞላ ተማሪ አንዳንዴ 7፣ አንዳንዴም 13 ቢመታ ምንም የሚገርም ነገር የለውም። በዕውቀት እኩል ከሆኑ ሁለት ተማሪዎች አንዱ 27፣ ሌላው 33 ያመጣል ማለት ነው። በመቶኛ 45 እና 55። ብዙ የትምህርት ዓይነት ሲደመር ይህ ልዩነት ይጠባል እንጂ አይጠፋም። ከ600 ውስጥ 298 ያመጣውን «የወደቀ»፣ 302 ያመጣውን «ያለፈ» ብለን ስንጠራ በሁለቱ መካከል ያለው የዕውቀት ልዩነት ሳይሆን የእርሳስ ዕድል ሊሆን ይችላል። መስመር የግድ አንድ ቦታ መሰመር አለበት፤ እሱ ላይ ጠብ የለኝም። ችግሩ ያንን መስመር የሰው ልጅ ችሎታ ድንበር አድርጎ ጎረቤት ፊት ልጅን ማዋረድ ነው።

እና ከዚህ ስሌት የሚያስደነግጥ ነገር ይወጣል። ሁሉንም ዓይኑን ጨፍኖ የሚሞላ ሰው 25 በመቶ አካባቢ ያመጣል። ስለዚህ 30 በመቶ ያመጣ ተማሪ ከዜሮ በላይ 30 አልተራመደም፤ ካለማወቅ ትንሽ ነው ከፍ ያለው። ሕመሙ ከምናወራው የከፋ ነው።

መቶኛው ከፍ ሲል ማጨብጨብ፣ የተፈታኙን ቁጥር ሳያዩ

የማለፍ መጠኑ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነ። በ2017 ዓ.ም. ከተፈተኑት 585,882 ተማሪዎች ያለፉት 48,929 ናቸው። ከ2014ቱ ጋር ሲነጻጸር ያለፈው ሰው በ19,000 ገደማ ጨምሯል፤ ይህ እውነተኛ ጭማሪ ነው። ግን ተፈታኙ ከ300,000 በላይ ቀንሷል። እነዚያው 48,929 ተማሪዎች ለ2014ቱ የተፈታኝ ቁጥር ቢካፈሉ መቶኛው 5.5 አካባቢ ነበር የሚሆነው። ከ3.3 ወደ 8.4 ከተደረገው ጉዞ ከግማሽ በላዩ የመጣው ታችኛው ቁጥር ስላነሰ ነው።

ታዲያ የቀሩት የት ሄዱ? በአማራ ክልል በግጭቱ ምክንያት የተዘጉትን ትምህርት ቤቶች እናስታውስ። ፈተና ላይ ያልተቀመጠ ልጅ በየትኛውም መቶኛ ውስጥ አይቆጠርም፤ አልወደቀም፣ አላለፈምም።

«አንድም ያላሳለፈ ትምህርት ቤት» ሲባል ሰነፍ መምህራን የተሰበሰቡበት ነው ብሎ መደምደም

በ2016 ዓ.ም. ውጤት ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። አስደንጋጭ ነው፤ ግን በአገር ደረጃ ከመቶ አምስት ተማሪ በሚያልፍበት ዓመት 20 ተማሪ ብቻ ያስፈተነ ትምህርት ቤት ምን ይጠብቃል? አንድ። ልክ እንደ አገሩ አማካይ የሆነ፣ ከማንም ያላነሰ ትምህርት ቤት እንኳ ከሦስት ዓመት አንዱን ዜሮ ሊያመጣ ይችላል። 500 አስፈትኖ ዜሮ ያመጣው ግን ሌላ ነገር ነው፤ እሱ ላይ መጮህ ያስፈልጋል። ዜናው ሁለቱን በአንድ ዝርዝር ያስቀምጣቸዋል።

በተቃራኒው በኩል ሁሉንም ያሳለፉ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ይሞገሳሉ። ይገባቸዋል። ነገር ግን ተማሪዎቻቸውን የሚቀበሉት በመግቢያ ፈተና አጥልለው እንደሆነ አብሮ ይነገር።

ሁሉን ነገር 12ኛ ክፍል ላይ መፈለግ

ይህ አጭር ነው። በአፍ መፍቻ ቋንቋው ጀምሮ፣ እንደ ክልሉ ለምሳሌ ከ7ኛ ወይም ከ9ኛ ክፍል ወደ እንግሊዝኛ የተሻገረ ልጅ የፊዚክስ ጥያቄውን የሚያነበው በእንግሊዝኛ ነው። ፊዚክሱን ቢወድቅ ያቃተው ፊዚክሱ ይሁን እንግሊዝኛው መልስ ወረቀቱ አይናገርም።

«ፈተናው ይቅር፤ ፊንላንድ ፈተና የላትም» ማለት

አላት። ከ1852 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ አገር አቀፍ ፈተና ትሰጣለች። ፊንላንድ የሌላት ትንንሾቹን ልጆች የሚያስጨንቀው ዓይነት ነው። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም በኮሮና ጊዜ ያቆመውን የመግቢያ ፈተና ውጤት በ2022 እ.ኤ.አ. እንደገና መጠየቅ ጀመረ፤ ከሰጣቸው ምክንያቶች አንዱ ጥሩ ዕድል ያላገኙ ግን ችሎታ ያላቸውን ተማሪዎች ለመለየት ይረዳል የሚል ነበር። ለእኛም ጥያቄው ይኸው ነው። ፈተናው ከተነሣ የሚቀረው ትራንስክሪፕት፣ ማለትም የክፍል ውጤት ማስረጃ ነው፤ ትራንስክሪፕት የሚጽፈው ደግሞ ተማሪው እንዲያልፍለት የሚፈልገው ትምህርት ቤት ራሱ ነው። ስሙ በማይታወቅ የወረዳ ትምህርት ቤት የተማረ የገበሬ ልጅ 95 ቢጻፍለት ማን ያምነዋል?

መምህሩን በተማሪው ውጤት ማስፈራራት

«ውጤት ያላመጣ መምህር ደመወዙ ይነካ» የሚሉ ሰዎች የአሜሪካዋን የአትላንታ ከተማ ይመልከቱ። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው የጆርጂያ ግዛት ምርመራ በ44 ትምህርት ቤቶች 178 መምህራንና ርዕሳነ መምህራን በማጭበርበር መሳተፋቸውን አመለከተ። ምርመራውን ያስነሣው በመልስ ወረቀቶቹ ላይ የታየው ከስህተት ወደ ትክክል የተደረገ ብዙ የላጲስ ምልክት ነው። ተማሪዎቹ ከወጡ በኋላ አጥፍተው ያጠቆሩት ትልልቆቹ ነበሩ። በ2015 እ.ኤ.አ. 11 ሰዎች በፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተባሉ። የእኛ 12ኛ ክፍል መልስ ወረቀት ከትምህርት ቤቱ እጅ ወጥቷል፤ የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተናዎች ግን ዛሬም በትምህርት ቤቶች ነው የሚሰጡት። የመምህሩን ደመወዝ ከእነዚያ ጋር ከማሰር በፊት ወረቀቱ በማን እጅ እንደሚያድር መጠየቅ ይቀድማል።