ስልሳን ካለፉ በኋላ ዓመቱን በአራቱ ወቅቶች መያዝ

ጡረታ ወጥታችሁ ወይ ልትወጡ ጥቂት ቀርቷችሁ በከተማው ዳር፣ ለገጣፎ፣ የካ አባዶ፣ ኮዬ ፈጬ ወይ ሰበታ የምትኖሩ ከሆነ ይህ ለእናንተ ነው።

ሰው ሲያረጅ «ክረምት ገባብኝ» ማለት ይወዳል። እኔ አይዋጥልኝም። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው፤ እንቁጣጣሽ የሚውለው እንግዲህ ክረምቱ ሳይወጣ ነው። ቀጥሎ መጸው እስከ ታኅሣሥ 25፣ በጋ እስከ መጋቢት 25፣ ጸደይ እስከ ሰኔ 25 ይሄዳል። ሁሉም የየራሱ ሥራ አለው። እርጅናችንንም በዚህ ብንይዘው ይሻላል።

ክረምት ላይ ዋናው ጠላት ጭቃው ነው። አስፋልቱ የት ጋ እንደሚያልቅ ታውቁታላችሁ። ለኪዳን፣ ለጠዋቱ ጸሎት፣ እደርሳለሁ ብላችሁ በጨለማ አትውጡ፤ በእኛ ዕድሜ መውደቅ ቀልድ አይደለም፣ የዳሌ አጥንት ከተሰበረ ቤተ ክርስቲያን መሄዱም ለወራት ይቀራል። ሲነጋ፣ የማያንሸራትት ጫማ አድርጋችሁ፣ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው፣ ብዙ ቦታ ቅዳሴው ከሰዓት ስለሚሆን ለእኛ ይመቻል። የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የምትወስዱ ግን ጾሙ ሳይገባ ሐኪማችሁንም ንስሐ አባታችሁንም ጠይቁ። በራስ ፈቃድ ኪኒን አቋርጦ መጾም ጽድቅ አይደለም። ቅዳሴ ላይ ቁጭ ማለትም አያሳፍርም፤ ዲያቆኑ «እለ ትነብሩ ተንሥኡ»፣ የተቀመጣችሁ ተነሡ፣ የሚለው የተቀመጠ ሰው ስላለ ነው። መቋሚያም ያዙ። ከዘራ ይዤ አልታይም የሚል ሽማግሌ መቋሚያ ሲሆን ይኮራበታል፣ ያው እንጨት ነው እኮ።

መጸው የሚገባው በጽጌ ጾም ነው፣ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5። በሱሉልታ መንገድ የወጣ ሰው ሜዳው በአደይ ሲሸፈን፣ ቆየት ብሎ ደግሞ ሳሩ ታጭዶ ድርቆሹ ሲከመር ያያል። ቤተ ክርስቲያን ግን በዚህ አበባ ሁሉ መሀል የምታስበው ስደትን ነው፤ እመቤታችን ልጇን ይዛ ወደ ግብፅ መሰደዷን። ይህ ለእኛ ዳር ለወጣነው ልዩ ትርጉም ያለው ይመስለኛል። ስንቱ ነው መሀል ከተማ አርባ ዓመት ከኖረበት ግቢ ተነስቶ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የወጣው፣ ሊፍት የለ፣ የሚያውቀው ደብር የለ፣ ቡና የሚጠራው ጎረቤት የለ። ስለዚህ የጽጌን ጾም መጾም ከከበዳችሁ፣ የፈቃድ ጾም ስለሆነ ማንም አይፈርድባችሁም፣ በእነዚህ አርባ ቀናት አንድ ሌላ ሥራ ሥሩ፦ አዲሱን ሰፈር ልመዱ። የሰፈሩን እድር ተመዝገቡ። ጽዋ ማኅበር ካለ ግቡ፣ ከሌለ በየወሩ በአንድ ቅዱስ ቀን ሦስት አራት ሰው ሆናችሁ ጀምሩት፣ ዳቦና ጠላ ይበቃል። የድሮ ንስሐ አባታችሁ ሩቅ ከሆኑ ስልካቸውን ያዙ፣ ግን አጠገባችሁ ካለው ደብር ካህናትም ጋር ተዋወቁ። ታማችሁ ስትተኙ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚደርሰው እዚያ ያለው ቄስ ነው። ደረጃው የሚያደክማችሁ ደግሞ ማኅበሩ ቤታችሁ ይምጣ እንጂ እናንተ አትቅሩ።

ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ አለ፤ ጋቢ ሳትደርቡ ጠዋት አትውጡ።

በጋ ላይ ብዙ የምለው የለኝም። ገና አለ፣ ጥምቀት አለ። ጥር 11 ታቦቱን እስከ መጨረሻው ካልተከተልኩ አትበሉ፤ የሚያልፍበት መንገድ ዳር ወንበር አስወጡና ሲደርስ ተነስታችሁ ተሳለሙ። ዐቢይ ጾም ሲገባ ዳዊቱን በትልቅ ፊደል የታተመውን ግዙ፣ ወይ በስልክ ፊደሉን አሳድጉ። «በእርጅናዬ ዘመን አትጣለኝ» የሚለው በግዕዙ ቁጥር 70ኛው መዝሙር ላይ ነው፣ ከእሱ ጀምሩ።

ጸደይ ገበሬው መሬቱን የሚያሰናዳበት ነው። ትንሣኤም ሁልጊዜ እዚህ ይውላል። የእኛ ሥራ ቤትን ማስተካከል ነው። የተቀየማችሁት ሰው ካለ በፋሲካ ሰሞን ሄዳችሁ ታረቁት፣ በዚያ ሳምንት በር የሚዘጋ የለም። ከዚያ ኑዛዜ ጻፉ። «ሟርት ነው» የሚሉ አሉ፤ ሟርቱ ያልጻፈ ሰው ልጆች ፍርድ ቤት ሲካሰሱ ነው። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት፣ ተናዛዡም ምስክሮቹም ይፈርሙበታል፣ ቀኑም ይጻፋል። ከምስክሮቹ አንዱ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ሰው ይበቃል። ለቤተ ክርስቲያን ወይ ለነዳያን የምትሰጡት ካለ እዚያው ላይ አስፍሩት፤ አንዱን ቅጂ ለምታምኑት ልጅ ስጡና የት እንዳስቀመጠው ጠይቁት።